የሚያፈስ ሙዳይ

እኔ ሰዐዲያ በሕይወቴ ውሃ የሚያፈስ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ሌላ ነገር እንዳታስቡብኝ ነው። ሐረር ጀጎል ግንብ ገብታችሁ መኪና ግርግር በሚሉት መንገድ ስታልፉ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ጆሯችሁን ሲያደነቁረው ቆም በሉና ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። የሰዐዲያ ስፌት ወተት ይይዛል ወይ በሉት። ይይዛል ይላችኋል። አይይዝም ያለ ካለ ስሙን ብቻ ይዛችሁልኝ ኑ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት።

ይህን ስም እንዲሁ አላገኘሁትም፤ ስፌት ያስተማሩኝ እማማ ዋፊቃ ናቸው ያሠሩኝ። ስምንት ዓመቴ ላይ እናቴ እጄን ይዛ እሳቸው ዘንድ አስቀመጠችኝ። አሥራ አንድ ሴት ልጆች ነበርን። አንድ ስፌት ስንጨርስ እፊታቸው እናቀርባለን፤ እሳቸው ምንም ሳይሉ ማንቆርቆሪያቸውን ያነሱና ውስጡ ውሃ ያንቆረቁሩበታል። ከዚያ ሁላችንም ቁጭ ብለን ማየት ነው። ከሥሩ አንዲት ጠብታ ጠብ ያለች እንደሆነ “ተርትሪው” ይላሉ። ቁጣ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ተርትሪው፣ በቃ። የሁለት ወር ድካሜን እያለቀስኩ በገዛ እጄ እተረትረዋለሁ። የመጀመሪያዋን ሙዳዬን ሰባት ጊዜ ተርትሬያታለሁ። በስምንተኛው ውሃው እንዳለ ሲቀመጥ፣ አሁንስ ማሻአላህ ይሉኛል ብዬ ዐይን ዐይናቸውን ሳይ ውሃውን ደፉና ሌላዋን ልጅ ጠሩ። የእሳቸው ምስጋና ዝም ማለት ነው።

ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ያች ማንቆርቆሪያም አልሞተችም። እኔ ኀምሳ ሁለት ሆኜ፣ ልጅ ወልጄ፣ ባል ቀብሬ፣ አሁንም አዲስ ስፌት በጨረስኩ ቁጥር በነጠላዬ ሸፍኜ እወስድላቸዋለሁ። ሲያንቆረቁሩ አሁንም ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ጠብታ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ልጄ ሪሃና አንድ ናት። ወስፌ ሳስይዛት ወስፌውን ይዛ ሄዳ የአባቷን ሬዲዮ ስትፈታበት አገኛት ነበር። እሱ ሬዲዮ ሁለተኛ አልተናገረም፤ እኔም ነገሩ ያኔ ገብቶኝ ስፌት የሚባለውን ተውኩላት። ኮምፒውተር ተማረች። ትምህርቱን ስትጨርስ ከቢኒያም ጋር ገጠሙ። ቢኒያም አባቱ ወታደር ሆነው ከጎንደር በኩል መጥተው እዚሁ ሐረር የቀሩ፣ ረጅም፣ ዐይን አፋር ልጅ ነው፤ ሲያናግረኝ የሚያየው ጫማውን ነው። ሁለቱ ቀን ከሌት የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ትንሽ ጌሚንግ ኮምፒውተር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። ሪሃና እንዳስረዳችኝ ተራው ኮምፒውተር ሥዕሉንም ሒሳቡንም ባንድ ጭንቅላት ይወጣዋል። የጨዋታው ግን ሥዕል ብቻ የሚሠራ፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ለብቻው ይገጠምለታል። ይሄ ካርድ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ግን ሲሠራ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ቦታም ይበላል። ስለዚህ የጨዋታ ኮምፒውተር ሁሌም ሁለት ሰው የሚሸከመው ሣጥን ነው። የእነሱ ሕልም ያንኑ ጉልበት አጭቀው በአንድ ክንድ ታቅፈውት ከቤት ቤት የሚዞሩት ዕቃ ውስጥ ማስገባት ነበር። በእኛ ጠባብ መንገድ ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ትልቁን ይዘው አህያ ከመጣባቸው አለቀላቸው።

በዚህ መሐል ውድድር መጣ። ራሱ የገጣጠመው ትንሽ የጨዋታ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ይምጣ ተባለ። አንደኛ ለወጣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ለሁለት ዓመት ያለ ኪራይ ትሰጠዋለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሪሃናን ለሥራ ጠርቷታል። አንድ ቀን ከጎኔ ቁጭ አለችና ቁርጡን ነገረችኝ፤ ሱቋን ካገኘች እዚሁ ትቀራለች፣ ካላገኘች ከውድድሩ በኋላ ትሄዳለች። ሂጂ፣ በእኔ የተነሳ ዕድልሽን እንዳትዘጊ አልኳት። ይህን ያለው ምላሴ ነው። ሆዴማ ያችን ሱቅ ከእሷ በላይ ፈለጋት። በመንገድ ሳልፍ የተዘጋ በሯን እያየሁ ቢስሚላህ እል ጀመር።

ታዲያ ልጆቹ ዕቃውን ሁሉ ለቃቅመው ሊገጥሙ ሲሉ ጉድ ፈላ። ካርዱን ድሬዳዋ ሄዶ የገዛው ቢኒያም ነው፤ ርዝመቱን በስልክ ሲጠየቅ አንድ ስንዝር ተኩል ይሆናል አለ። ሣጥኑን በዘመድ በኩል ያስመጣችው ሪሃና ናት፤ እሷም አንድ ስንዝር ተኩል የሚይዝ ብላ አዘዘች። ስንዝሩ ግን የየራሳቸው ነው። የቢኒያም እጅ አካፋ ነው፣ የልጄ እጅ የእኔ እጅ ናት። ካርዱ ከሣጥኑ በሁለት ጣት ወጥቶ ቀረ። ቢገፉት አልገባ፣ ቢያጋድሙት አልገባ። ሁለት የተማሩ ልጆች ወለል ላይ ተቀምጠው መዳፍ ለመዳፍ ገጥመው ሲለካኩ ሳይ በሳቅ ፈረስኩ። ሪሃና ግን አልሳቀችም፤ ካርዱን መልሳ በጨርቅ ትጠቀልል ጀመር፤ እኔም ሳቄን ተውኩ።

ውድድሩ ሊደርስ ሰባት ሳምንት ነበር የቀረው፤ ሌላ ማስመጣት አይታሰብም። እኔም እሰፋላችኋለሁ አልኩ። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። በኋላ ቢኒያም ጫማውን እያየ አሰበበትና ከአልሙኒየም ቀጭን አጥንት ቢሠራለት፣ ዕቃው ሁሉ በአጥንቱ ላይ ቢታሰር፣ ስፌቱ ከላይ እንደ ልብስ ቢለብሰው ይቻላል አለ። ይቻላል ካልክ አጥንቱን አምጣ አልኩት። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ያች በወስፌ ሬዲዮ የምትፈታ ልጄ በመጨረሻ የእኔን ስፌት ፈለገችው።

ወር ሙሉ ሰፋሁ። ምርጥ ስንደዶ፣ ምርጥ አክርማ፣ ቀዩም ጥቁሩም በገዛ እጄ የተነከረ። አራት ማዕዘን ሙዳይ ሰፍቼ አላውቅም፤ ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ስንደዶው እንቢ እያለኝ ስንት ቀን ደሜ ፈላ። ክዳኑ ላይ እማማ ዋፊቃ መጀመሪያ ያስተማሩኝን፣ ያንን ሰባት ጊዜ የተረተርኩትን ጥለት ጣልኩበት። ሲያልቅ ውሃ ሞላሁበት፤ ጠብ አላለም። ደርቆ አጥንቱ ሲለብሰው ቢኒያም ዞሮ ዞሮ አየው፤ ሪሃና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ አበሩት፣ መኪና የሚነዳበትን ጨዋታ ከፈቱ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዘጠኝ ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ።

ጥፋቱ የማን ነው እየተባባሉ ሲመረምሩት ቆዩና ቢኒያም ጫማው ላይ ይበልጥ አቀርቅሮ ነገሩን ተናገረ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታይ ቁጥር አለች፤ የካርዱን ሙቀት ትናገራለች። ዘጠና ካለፈች ችግር ነው፣ ዘጠና ስድስት ከደረሰች ራሱን ያጠፋል። ውስጡ ያሉት ፋኖች አየር ከውጭ ስበው ሙቀቱን መልሰው ያስወጣሉ፤ ግን በየት በኩል። ውሃ የማያሳልፍ ነገር አየርስ መች ያሳልፋል። እና እትዬ ሰዐዲያ፣ አለኝ፣ እንደው ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖረው።

አቦ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ ልጁ አሁን ልጄ ማለት ነው። ብቻ ሙዳዩን ከእጁ ቀምቼ ወንፊት የፈለገ ገበያ ሞልቶለታል፣ ሂድና ግዛ አልኩት። ሰዐዲያ ቀዳዳ ሰፋች ይባል? የአፎቻ ማኅበራችን ሴቶች፣ ለቅሶም ሠርግም አብረን የምንውል ሴቶች፣ ምን ይሉኛል? እማማ ዋፊቃስ? እሳቸው ዘንድ ቀዳዳ ስፌት ይዤ ብሄድ ማንቆርቆሪያውን በእኔ ላይ ነው የሚደፉት። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ሪሃና ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አገኘኋት። እየሸኘኋት መስሎ ታየኝ። ገብቼ ስንደዶ ዘፈዘፍኩ።

ቀዳዳ ያለው ሥራ ይፈጥናል፤ ለዚህም ነው የሰነፍ ሥራ የሚባለው። ግድግዳውን በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት። መቼም ከተዋረድኩ አይቀር ብዬ ቀዳዳዎቹን በወስፌ ወገብ እየለካሁ አንዱን ካንዱ እኩል፣ በረድፍ በረድፍ አስቀመጥኳቸው። በሬን ዘግቼ ነው የሰፋሁት። ሰው ሲያንኳኳ ሙዳዩን ከትራስ ሥር እከተዋለሁ፣ እንደ ሌባ።

ክዳኑ ላይ ግን ሸይጣን ገባብኝ። ቀዳዳ ያለው ክዳን ለመስፋት ሁለት ቀን ነበረኝ። ሁለቱንም ቀን ተቀምጬ ያንን የበፊቱን፣ ድፍኑን፣ ባለ ጥለቱን ክዳን ሳየው ዋልኩ። እማማ ዋፊቃ ድንገት ቢያዩት ዐይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ክዳኑ ላይ ነው። ለልጆቹ ጊዜ አልበቃኝም፣ ግድግዳው ይበቃዋል አልኳቸው። ሞከሩት፤ በጠዋቱ ብርድ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ሙቀቱ ሰባ ስምንት ላይ ቆመ። ሰዓት ሙሉ ሊሞክሩት ሲሉ መብራት ጠፋ፤ በማግስቱ ውድድሩ ደረሰ። እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ክዳኔ ዳነ አልኩ። እንዲህ ያለች እናት ነኝ።

ውድድሩ ከግንቡ ውጭ፣ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት። የአፎቻችን ሴቶች ሁሉ ለባብሰው እንደ ሠርግ መጡ። ስለ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር የምታውቅ የለችም፤ ግን የሰዐዲያ ልጅ ትወዳደራለች ተብሏል፣ በቃ። አምስት ኮምፒውተሮች ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። አራቱ ጥቁር ብረት ናቸው። የእኛዋ ቀይ፣ ጥቁርና ወርቃማ ሆና መሐላቸው ስትቀመጥ ሙሽራ ነበር የምትመስለው። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አነሳት። እኔም አንገቴ ረዘመ፤ ከሩቅ ቀዳዳው ጥለት ነው የሚመስለው።

አንገቴ ብዙ አልቆየም። በሩ ላይ እማማ ዋፊቃ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው አየኋቸው። ለካ ሪሃና ነች የጋበዘቻቸው፤ እማዬን ደስ ይላታል ብላ። ከፊት ወንበር ለቀቁላቸው፣ ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ። ተቀመጡና ከነጠላቸው ሥር አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ አወጡ። ወላሂ ሊያንቆረቁሩበት ነው አልኩ። ሮጬ መሐል ልገባ ስነሳ የጠርሙሱን ክዳን ከፈቱና ተጎነጩ። ጠምቷቸው ነው ለካ። እኔ ግን እስኪያስቀምጡት ድረስ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ያሉት ተቀመጪ አታስጨንቂን ብለው ጎተቱኝ።

ዳኛው አቶ ጌታቸው ነበሩ፣ ከጎጃም መጥተው እዚህ ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ ወረቀት ካልያዙ ሰላም የማይሉ ሰው። ሕጉን አነበቡ። አምስቱም አንድ ዓይነት ከባድ የመኪና ጨዋታ ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ይጫወታሉ። ማሽኑ የተንገታገተበት ወይም የጠፋበት ይወጣል። ጸንተው ከቀሩት ውስጥ ሣጥኑ ትንሹ ያሸንፋል። ሣጥኑ ተዘግቶ ነው የሚሠራው፣ ክዳን አይነሳም፣ ካቻቢቴ አይነካም፣ ከውጭ ማራገቢያም በረዶም ክልክል ነው። ተጀመረ።

ምን ዓይነት ጨዋታ ነው እባካችሁ። ልጄ መሪ ጨብጣ ትበራለች፤ ተራራ ትወጣለች፣ ድልድይ ትዘላለች፣ ዝናቡ መስታወቷ ላይ ሲወርድ ጠብታው ይቆጠራል። ሴቶቹ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ያዩ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከመሐላቸው ሐሚዳ ተነስታ በግራ በኩል እለፊው ብላ መንገድ ታሳይ ጀመር። ሐሚዳ በባጃጅ እንኳ ስትሄድ ዐይኗን የምትጨፍን ሴት ናት። ከዚያ ሁሉም ሾፌር ሆኑ። አቶ ጌታቸው ጸጥታ ይከበር እያሉ በወረቀታቸው ጠረጴዛውን መቱ፤ የሰማቸው የለም። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ አንደኛው ብረት ጠፋ፣ ወዲያው ሌላው ተከተለው። አዳራሹ በሰው ትንፋሽ እንደ ሐማም እንፋሎት ቤት ሞቆ ነበር። የስክሪኑን ጥግ አየሁ፤ ሰማንያ ስድስት ይላል።

አርባኛው ደቂቃ ላይ ዘጠና አንድ አለ። ሦስተኛውም ብረት ወጣ፤ የቀረነው እኛና የድሬዳዋ ልጆች ነን። ቢኒያም አጠገቤ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን ትቶ ፊቴን አየኝ። ግድግዳው በደንብ ይስባል፣ ሙቀቱ ግን ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ክዳኑ ላይ እየተጠራቀመ ነው አለኝ በሹክሹክታ። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ያየሁት ክዳን ነው። ሰው አልነካብኝ፣ ጠላት አልነካብኝ፤ ልጄን በገዛ እጄ ወደ አዲስ አበባ ላኳት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ዘጠና ሁለት። እማማ ዋፊቃ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ማንም ሳያስቆማቸው ወደ ጠረጴዛው ሄዱና መዳፋቸውን ሙዳዩ ጎን ላይ አደረጉ፤ የሚወጣው ነፋስ የሻሻቸውን ጫፍ ሲያወዛውዘው አየሁ። ቀዳዳዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው ቶሎ አነሱት። ጠሩኝ። ስምንት ዓመቴ ሆኜ ሄድኩ።

“ግድግዳው ይተነፍሳል” አሉ። “ይሄን ለምን ደፈንሽው?”

ውሸት ልናገር ነበር። ጊዜ አልበቃኝም ልል ነበር። የልጄን ጀርባ አየሁት፤ ላብ ሸሚዟን አጣብቆታል።

“እርስዎን ፈርቼ” አልኩ።

ቀጥለው የተናገሩትን አርባ አራት ዓመት አውቀዋለሁ።

“ተርትሪው።”

ቢኒያም ዳኛውን ቀድሞ ጠየቀ፤ ክዳኑ ከቦታው ሳይነሳ ቀዳዳ ማበጀት ይቻላል ወይ አለ። አቶ ጌታቸው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀታቸውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ገልብጠውም አዩት፤ በጀርባው የተጻፈ አልነበረም። ዘጠና ሦስት። ካቻቢቴ ክልክል ነው ይላል አሉ። እማማ ዋፊቃ ወስፌ ነው የያዘችው ሲሏቸው፣ አቶ ጌታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ወስፌ የተጻፈ የለም፣ ክዳኑ ካልተነሳ ሣጥኑ ዝግ ነው ብለው ፈረዱ። እኝህን ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳቸዋለሁ።

ወስፌዬ ሁሌም ሻሼ ላይ ናት። ከክዳኑ ሥር አንዲት ጣት ወረድ ብሎ ፋኑ ይዞራል፤ አንዴ ካዳለጠኝ ሁሉም አለቀ። ቢኒያም ማየት አልቻለም፣ ዞሮ ግድግዳውን አየ። እኔ ግን እጄን አውቀዋለሁ፤ ወስፌዬ ከጥፍር በላይ ጠልቃ አታውቅም። ከመሐል ጀመርኩ። ሁለት ስፌት እነቅላለሁ፣ ዙሩን ገለጥ አደርጋለሁ፣ ፍቅፋቂው ፋኑ ላይ እንዳይወድቅ ወደ ላይ እስበዋለሁ፣ ወደሚቀጥለው። ያ ስንት ዓመት የኮራሁበት ጥለት አንድ በአንድ ሲረግፍ ልቅሶ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የመጣው ሌላ ነው፤ ጣቶቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቀጡበት የኖሩትን ነገር እየበረሩ ሠሩት። ሰባት ጊዜ የተማርኩት ለካ መስፋቱን ብቻ አልነበረም።

ዘጠና አራት አለ። ዘጠና አምስት አለ። ሪሃና ዐይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ “እማ፣ ፍጠኚልኝ” አለች።

በዚህን ጊዜ ከወዲያ በኩል ሌላ ወስፌ ገባ። እማማ ዋፊቃ ናቸው። እኔ ከመሐል ወደ ዳር፣ እሳቸው ከዳር ወደ መሐል። ለአርባ አራት ዓመት አብረን ተቀምጠን አንድ ሥራ ሠርተን አናውቅም ነበር። ከክዳኑ ትኩስ ነፋስ ሽቅብ ወጥቶ ፊቴን ገረፈኝ፣ የአክርማው ፍቅፋቂ ከነፋሱ ጋር ተበትኖ ሻሼ ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ የአቶ ጌታቸው ወረቀት ላይ አረፈ። እንዲህ ደስ የሚል ነፋስ አይቼ አላውቅም።

ቁጥሯ ዘጠና አምስት ላይ ቆመች። ቆመች፣ ቆመችና ወረደች። ሐሚዳ ዘጠና ሁለት ብላ ጮኸች። ከዚያ ሴቶቹ ቁጥሩን እየተቀባበሉ ይቆጥሩ ጀመር፤ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ሁለት። ሰማንያ ሲደርስ እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ሪሃና ምን እንደተባለ አልሰማችም፤ ዝም ብላ ትነዳለች። አቶ ጌታቸው ስድሳ ደቂቃ ሞላ ሲሉ መሪውን ለቀቀችና ዞር ብላ ክዳኑን አየች። የእኔን ጥለት ስለምታውቀው አፏን በእጇ ያዘች።

የድሬዳዋ ልጆችም ጸንተው ጨርሰው ነበር። ስለዚህ መለካት መጣ። አቶ ጌታቸው ዐይተው ሊገምቱ ሲሉ ቢኒያም ከኪሱ ሜትር መዘዘ፤ በስንዝር ከሆነ እኔ የለሁበትም አላቸው። ተለካ። የእነሱ በአንድ አውራ ጣት በለጠ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አልናገርም፤ ቢኒያም አቶ ጌታቸውን ከመሬት ማንሳቱን ግን በዐይኔ አይቻለሁ። ሪሃና አንገቴ ሥር ገብታ ስታለቅስ እኔ እየሳቅሁ ነበር፤ እኔ ማልቀስ ስጀምር እሷ ሳቀች። እንዲህ እየተፈራረቅን በሩ ድረስ ሄድን።

ሱቋ ከተከፈተች ሁለት ወር ሆናት። ሪሃና ትገጥማለች፣ ቢኒያም አጥንት ይሠራል፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ግድግዳ እሰፋለሁ፤ ከጅግጅጋ ድረስ ያዘዘን አለ። ትራስ ሥር መደበቅ ቀረ። እንደውም ቀዳዳ የሌለው የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ እላለሁ፣ ለወተቱ ካልሆነ።

ባለፈው ሐሙስ አዲስ ክዳን ጨረስኩ፤ ሆን ብዬ፣ ተረጋግቼ የሰፋሁት የመጀመሪያው ባለ ቀዳዳ ክዳኔ ነው። በነጠላ ሸፍኜ እማማ ዋፊቃ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ማንቆርቆሪያቸውን ሲያነሱ የተሳሳቱ መስሎኝ፣ ይሄ እኮ የሚያፈስ ነው አልኳቸው። እሱን ልይ ነው አሉኝ። አንቆረቆሩት። ውሃው በቀዳዳው ሁሉ ቀጥ ቀጥ ብሎ እንደ ዝናብ ወረደ። አጎንብሰው አዩት። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ አሁንስ ማሻአላህ ይሉኛል ብዬ ዐይን ዐይናቸውን አየሁ።

በግራ በኩል አንዲት ክር ውሃ ትንሽ ዘንበል ብላ ትወርድ ነበር። በጣታቸው አሳዩኝ።

“ተርትሪው” አሉ።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እሳቸውም ወደ ግድግዳው ዞር አሉ፣ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ግን አይቻለሁ። ወስፌዬን ከሻሼ ነቅዬ እዚያው እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ሪሃና ናት፤ ምሳ ቀረበ፣ ቢኒያም ራበኝ እያለ ነው፣ የት ቀረሽ አለችኝ። እማማ ዋፊቃ ይዘውኛል፣ ተርትሬ ሳልጨርስ አይለቁኝም፣ ከቸኮላችሁ ብሉ አልኳት።

“ቀስ ብለሽ ጨርሺ” አለችኝ፣ “እኔ የትም አልሄድም።”